የአጥር ቋሚ ታሪክ፦ ከወጨጫ ጽድ እስከ ቤቴል ባሕር ዛፍ

አጥር ለአርሶ አደር እንደ ሞፈርና ቀንበር ሁሉ የሥራ መሣሪያ ነው። ማሳው በከብት እንዳይበላ፣ ጓሮው እንዳይደፈር፣ ከጎረቤት ጋር ያለው ድንበር እንዳይፋለስ የሚጠብቀው አጥር ሲሆን፣ የአጥሩ ጥንካሬ ደግሞ መሬት ውስጥ በተተከለው በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ የተመሠረተ ነው። እንደሚታወቀው በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ የዘመመውን ማቃናት፣ የወደቀውን መተካት የገበሬው ቤተሰብ የተለመደ ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ የሚወጣው ጉልበት፣ ጊዜና ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ በሂሳብ አይያዝም። ቋሚው ለምን እንደወደቀም ሳይመረመር በዚያው ጉድጓድ ሌላ ይተከላል።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት የአጥር እንጨት በአገራችን መካከለኛ ደጋ ያለፈበትን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ለዚህም በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ቤቴል ጥሩ ምሳሌ ናት። ክፍለ ከተማው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍላተ ከተማ በተዋቀረችበት ጊዜ የተቋቋመ ነው። ከቤቴል ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ የወጨጫ ተራራ ይታያል፤ በተራራው ደቡብ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ደግሞ ታሪካዊው የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። በዛሬዋ ቤቴል አብዛኛው አጥር ብሎኬት፣ ድንጋይና ቆርቆሮ ነው። ከተማው ሳይደርስበት በፊት ግን አካባቢው እርሻና ግጦሽ፣ አጥሩም እንጨትና እሾህ ነበር። በመሆኑም የአጥር ቋሚ ከጽድ ወደ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፍም ወደ ሲሚንቶ ያደረገው ጉዞ በዚህ አንድ አቅጣጫ ላይ ተከታትሎ ይታያል።

የጽድና የወይራ ዘመን

የመናገሻ ሱባ ደን በኢትዮጵያ ጥንታዊ ከሚባሉ ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚያስረዳው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) የጽድ ዘር በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው በዚህ ተራራ ላይ አስተክለዋል። ከደኑ ዛፎች መካከል ጽድና ወይራ ለአጥር ቋሚነት ቀዳሚውን ስፍራ ይይዙ ነበር።

ጽድ ተመራጭ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የጽድ እንጨት መካከሉ ቀላ ያለና መዓዛ ያለው ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ዘይት ሻጋታንና ምስጥን ያርቃል። ወይራም እጅግ ከባድና ጥቅጥቅ ያለ እንጨት በመሆኑ ውሃ በቀላሉ አይሰርገውም። በአንጻሩ ዝግባ ለጣውላ የሚመረጥ መልካም እንጨት ቢሆንም መሬት ውስጥ ሲቀበር ቶሎ ይበሰብሳል። የቀድሞ ሰዎች ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ዝግባን ለበርና ለሳጥን፣ ጽድና ወይራን ለቋሚ ይለዩ ነበር። ክትክታን የመሰሉ ቀጫጭን ግን ጠንካራ እንጨቶችም ለማገርና ለግድግዳ ይውሉ ነበር። በቋሚዎቹ መካከል የአጋም፣ የቀጋና የግራር እሾህ እየተደረበ አጥሩ ይዘጋል፤ ማሰሪያውም ልጥና ሐረግ ነበር።

የዚያ ዘመን አተካከል ከዛሬው የተለየ ውስብስብ ጥበብ አልነበረውም። ጉድጓዱ በድጅኖ ይቆፈራል፣ ቋሚው ይገባል፣ ድንጋይ ይሸጎርበታል፣ አፈር ተመልሶ በእግር ይረገጣል። በዚህ መልክ የተተከለ የጽድ ቋሚ ለረጅም ዓመታት ይቆይ ነበር። ጉድጓዱ ጥልቀት ቢያጥረው፣ ውሃ ቢቋጥር ወይም አፈሩ በደንብ ባይጠቀጠቅ እንኳ እንጨቱ ስለማይበሰብስ የዘመመውን አቃንቶ እንደገና መርገጥ ይበቃል። በአጭሩ ጽድ የተካዩን ጉድለት ይሸፍን ነበር። ይህ ነጥብ ቀጥሎ የመጣውን ችግር ለመረዳት ቁልፍ ነው።

አዲስ አበባና የእንጨት እጥረት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ከተማዋ ስትመሠረት መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በየተሰጣቸው ቦታ ከነሠራዊታቸው ሰፈሩ፤ ዛሬም ድረስ «ሠፈር» የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። እያንዳንዱ ሰፈር ቤት፣ አዳራሽ፣ ጋጥና ሰፊ ግቢ ነበረው። ለቤቱ ምሰሶና ለግቢው አጥር የሚያስፈልገው እንጨት፣ በዚያ ላይ በየቀኑ የሚነደው ማገዶ ተደምሮ በእንጦጦና በዙሪያው የነበረውን ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አመናመነው። ከዚያ በኋላ እንጨት ከመናገሻና ከሌሎች ሩቅ ቦታዎች መምጣት ግድ ሆነ።

እጥረቱ የዋና ከተማዋን ህልውና እስከመፈታተን ደርሶ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ የምትገኘውን አዲስ ዓለምን አዲስ መናገሻ ለማድረግ ሥራ ካስጀመሩባቸው ምክንያቶች ዋናው የእንጨት እጥረት ነበር። ይሁን እንጂ ዝውውሩ ሳይፈጸም ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንፃ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባ ባለችበት እንድትጸና ካደረጉት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉን በማስመጣት ረገድ ብዙ ጸሐፍት የአፄ ምኒልክ አማካሪ የነበሩትን ፈረንሳዊውን ሞንዶን ቪዳዬን ይጠቅሳሉ። የዛፉ አገር አውስትራሊያ ሲሆን፣ ከባሕር ማዶ የመጣ በመሆኑ ሕዝቡ «ባሕር ዛፍ» ብሎ ሰየመው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብትም ቅጠሉን አይበላውም። በእነዚህ ጠባዮቹ ምክንያት በአንድ ትውልድ ዕድሜ የአዲስ አበባን ዙሪያ ሸፈነ። በደጋው የሚበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ሞቅ ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ደግሞ ቀይ ባሕር ዛፍ ተስፋፋ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቤትም ሆነ የአጥር እንጨት ማለት ባሕር ዛፍ ማለት ሆነ። አጣና፣ ማገርና ቋሚ ሁሉ ከእርሱ ይወጣሉ። የአዲስ አበባን ዙሪያ ለሚያርሰው ገበሬም ባሕር ዛፍ በችግር ጊዜ ተቆርጦ የሚሸጥ ተቀማጭ ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። የተፈጥሮ ደኑ እየተመናመነ በመሄዱ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን ጽድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን መቁረጥ ከለከለ። በዚህም ሳቢያ ለአጥር ቋሚ ወደ ጽድ የመመለሱ መንገድ ተዘጋ።

አዲሱ እንጨት የጠየቀው አዲስ ጥንቃቄ

እንጨቱ ተለወጠ፤ አተካከሉ ግን በአብዛኛው እንደነበረ ቀጠለ። የችግሩ መነሻም ይኸው ነው። ለቋሚ የሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ገና ለጋ ነው። የለጋ ዛፍ እንጨት ደግሞ አብዛኛው ውኃና ምግብ የሚያመላልሰው ነጣ ያለው የውጭ ክፍል ሲሆን፣ ይህ ክፍል ሻጋታን የሚቋቋምበት ተፈጥሮ የለውም። ስለዚህ ጽድ ይታገሠው የነበረውን የተካይ ጉድለት ባሕር ዛፍ አይታገሥም።

የወደቀ የባሕር ዛፍ ቋሚ ተነቅሎ ቢታይ መበስበሱ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከመሬት በታች ጠልቆ የነበረው ጫፍ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ከላይ አየር ላይ የነበረውም ደህና ነው። የተበላው ከመሬቱ ገጽ ትንሽ ወደ ላይና ትንሽ ወደ ታች ያለው ቦታ፣ ማለትም የቋሚው አንገት ነው። ምክንያቱም እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ለመኖር እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ከታች በጥልቀት እርጥበት ቢኖርም አየር ያንሳል፤ ከላይ አየር ቢኖርም እርጥበቱ ቶሎ ይደርቃል። ሁለቱ በአንድነት የሚገናኙት አንገቱ ላይ ነው። አጥሩን የሚገፋው የነፋስና የከብት ኃይል በይበልጥ የሚያርፈውም በዚሁ አካባቢ ስለሆነ፣ ቋሚው ከደከመበት ቦታ ላይ ይሰበራል።

የምስጥ ጉዳይ እንደ ቦታው ይለያያል። በወለጋና በመሳሰሉት ሞቃት የምዕራብ አካባቢዎች ምስጥ የእንጨት ዋና ጠላት ነው። ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኘው በቤቴል አካባቢ ግን ከምስጥ ይልቅ እርጥበትና ሻጋታ የበለጠ ያጠቃሉ። ስለሆነም ለአንዱ አካባቢ የሚሠራ መፍትሔ ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ቀይ አፈርና ጥቁር አፈር

በአዲስ አበባ ምዕራባዊና ደቡብ ምዕራባዊ ዳርቻ ሁለት ዓይነት አፈር በብዛት ይገኛል። ተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ጥቁር የዋልካ አፈር ይበዛል። ሁለቱም ለጤፍና ለስንዴ ምቹ ቢሆኑም ለቋሚ ያላቸው ጠባይ ግን የተለያየ ነው።

ቀይ አፈር ውኃ ያሳልፋል፤ ሲጠቀጠቅም ጠንክሮ ይይዛል። ዋልካ ግን በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ እስከሚያስገባ ድረስ የሚሰፋበት ጊዜ አለ። ቋሚው ባለበት ቦታ አፈሩ ሲሸሽ በእንጨቱና በአፈሩ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ክፍተቱ በውኃና በላላ ጭቃ ይሞላል። ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ ያ ቋሚ ራሱን ችሎ መቆም ያቅተዋል። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው መሬት እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር በመሆኑ ችግሩ የቤቴል አካባቢ ብቻ ሳይሆን የበቾ፣ የአዳ፣ የጎጃምና የሌሎችም ሜዳማ አካባቢዎች ነው።

ጉድጓዱና ጥቅጠቃው

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ባሕር ዛፍን ለቋሚ የሚጠቀም አርሶ አደር ሊከተላቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

በመጀመሪያ የእንጨቱ ዝግጅት ነው። ዛፉ እንደተቆረጠ ልጣጩ ወዲያው መላጥ አለበት፤ በእርጥቡ በቀላሉ ይላጣል፤ ከዘገየ ግን ይጣበቃል። ልጣጭ ያለበት እንጨት እርጥበት ይይዛል፣ ለነቀዝም መጠለያ ይሆናል። ከተላጠ በኋላ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በጥላ ሥር ለጥቂት ወራት መድረቅ ይኖርበታል። እርጥብ እንጨት ከተተከለ በኋላ ሲደርቅ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ የተጠቀጠቀው አፈር ሁሉ ከእንጨቱ ይለቃል።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። ከቋሚው ርዝመት ሲሶው መሬት ውስጥ ይግባ የሚለው የቆየ ልምድ ዛሬም የሚሠራ ነው። 2.50 ሜትር ርዝመት ያለው ቋሚ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል ማለት ነው። ጥልቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የመሬቱ የመያዝ አቅም ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ በቁፋሮ ላይ የሚቆጠብ ጉልበት በኋላ በእጥፍ ይከፈላል። የጉድጓዱ ስፋት ግን መጠነኛ መሆን አለበት። የቋሚውን ውፍረት ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ የሚበልጥ ከሆነ መጠቅጠቂያው ዙሪያውን ይገባል። ከዚያ በላይ መስፋቱ የማይነካውን ጠንካራ መሬት ማፍረስ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ጥቅጠቃ ነው። አፈሩ በአንድ ጊዜ ተደፍቶ ከላይ ቢረገጥ የሚጠነክረው ላዩ ብቻ ነው፤ ታቹ ባዶ ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር እየጨመሩ፣ እያንዳንዱን ድርብ በድጅኖ ጀርባ ወይም በቀጭን እንጨት ዙሪያውን መውቃት ነው። ሰፊ መጠቅጠቂያ ላዩን ያለሰልሳል እንጂ ወደ ታች አይደርስም። አፈሩም መጠነኛ እርጥበት ሊኖረው ይገባል፤ በእጅ ሲጨበጥ የሚይዝ ውኃ ግን የማይወጣው ከሆነ ደህና ነው። ጭቃ አይጠቀጠቅም፤ ፍጹም ደረቅ አፈርም አይያያዝም።

ነፋስ ወይም በሬ አጥሩን ሲገፋ ቋሚው በመሬቱ ውስጥ እንደ ማንሻ ይሠራል። ከላይ በኩል ወደ ተገፋበት አቅጣጫ፣ ከታች ጫፉ ደግሞ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋል። ስለዚህ በይበልጥ መጠንከር ያለባቸው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ድርብ ናቸው። ድንጋይ የሚሸጎረውም በእነዚህ በሁለቱ ቦታዎች ቢሆን ይመረጣል።

ሥራው በሚገባ መሠራቱን ለማወቅ ቀላል ምልክት አለ። በደንብ የተጠቀጠቀ ጉድጓድ ቋሚው ቦታ ይዞበት ሳለ እንኳ የወጣውን አፈር ከሞላ ጎደል መልሶ ይውጣል። ከጉድጓዱ አጠገብ ብዙ አፈር ከተረፈ ታቹ ላላ ቀርቷል ማለት ነው።

አራተኛው የአንገቱ ጥበቃ ነው። አፈሩ በቋሚው ዙሪያ ከመሬቱ ገጽ ከፍ ብሎ እንደ ጉብታ ይጠቀጠቅ፤ ውኃ ከእንጨቱ ይሽሽ። ቅጠልና ፍግ በአንገቱ ላይ መከመር የለበትም። በዋልካ መሬት ላይ ደግሞ የወጣውን ጥቁር አፈር በቀይ አፈር ወይም በገረጋንቲ መተካት ይጠቅማል። ይሁንና ገረጋንቲው እስከ ላይ ድረስ ከተሞላ የአካባቢው ውኃ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ የላይኛው ድርብ ውኃ በማያስገባ አፈር በደንብ መዘጋት አለበት። በመስከረም፣ ማለትም የመጀመሪያው ክረምት እንዳለፈ፣ አጥሩን ዞሮ የላላውን እንደገና መጠቅጠቅ የቋሚውን ዕድሜ ያራዝማል።

የማዕዘንና የበር ቋሚዎች ለብቻ ሊታሰቡ ይገባል። መካከለኛ ቋሚዎች ከሁለት ወገን በሽቦ ወይም በማገር ይያዛሉ። የማዕዘኑ ቋሚ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎተታል፤ የበሩም የመዝጊያውን ክብደት ይሸከማል። እነዚህ ወፈር ያሉ፣ ጠለቅ ብለው የተተከሉና በሰያፍ ድጋፍ የተያዙ ካልሆኑ የቀረው አጥር ቢጠነክርም ቀስ በቀስ ይላላል።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ በየአካባቢው የገበሬዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ፣ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ሊይዘው የሚችለውን የከተማ ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ወሰነ። ሁለቱ አዋጆች ድንበርን አዲስ ጉዳይ አደረጉት። በገጠር የጭሰኛና የባለርስት ወሰን ፈርሶ የማኅበርና የቤተሰብ ይዞታ ወሰን መጣ። በከተማ ዳርቻ ደግሞ ቦታው እየተሸነሸነ ሲሄድ የአጥሩ ብዛት ጨመረ።

በ1990ዎቹ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀመር ድንበር በጎረቤቶች ፊት ተለክቶ መመዝገቡ ብዙ ክርክር አቃልሏል። ቢሆንም ደብተሩ ላይ የተጻፈው ወሰን መሬት ላይ በችካል፣ በድንጋይ ወይም በተክል ካልታየ ክርክሩ ተመልሶ ይነሣል። የዘመመ ቋሚ ሲቃና በአንድ ስንዝር ወደ ጎረቤት መጠጋቱ፣ የወደቀው ሲተከል ጉድጓዱ ቦታ መለወጡ በሽማግሌም በወረዳ ፍርድ ቤትም የታየ የጠብ ምክንያት ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆም ቋሚ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስማማል።

አጥር በቀድሞውም ሆነ በአሁኑ ጊዜ የጋራ ሥራ ነው። በደቦና በወንፈል የሚሠራ አጥር አንዱ ሲቆፍር፣ ሌላው ቋሚውን አቅንቶ ሲይዝ፣ ሦስተኛው ሲጠቀጥቅ በፍጥነትም በጥራትም ያልቃል። ቋሚ ለብቻ መትከል እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል፤ አቅኚ ከሌለ ጠቅጣቂው ያዘማል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147፣ በኋላም በ2009 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 985 ማኅበራትና ዩኒየኖች የራሳቸው መጋዘን፣ የችግኝ ጣቢያና የከብት ማድለቢያ እንዲኖራቸው ሕጋዊ መሠረት ሰጥተዋል። እነዚህ ሁሉ የሚጠበቁት በአጥር ነው።

የከተማው አጥርና የሲሚንቶው ስህተት

ከተማው ወደ ቤቴል እየሰፋ ሲመጣ አጥሩም ተለወጠ። የባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ቆርቆሮ መምታት በአዲስ አበባ ዳርቻ የግንባታ ቦታዎችንና አዳዲስ ግቢዎችን ለመከለል የተለመደ ሆነ። የቆርቆሮ አጥር ግን ከእሾህ አጥር በአንድ ነገር ይለያል፤ ነፋስ አያሳልፍም። የእሾህ አጥር ነፋሱን በውስጡ ሲያሳልፍ ቆርቆሮው እንደ ሸራ ይቀበለዋል። ስለሆነም የቆርቆሮ ቋሚዎች ተቀራርበው፣ ጠለቅ ብለውና በጀርባቸው ድጋፍ ተደርጎላቸው መተከል ይኖርባቸዋል።

ሌላው በከተማ የተለመደው ቋሚውን በሲሚንቶ መድፈን ነው። ይህ አሠራር ጠንካራ ይመስላል፤ በትክክል ካልተሠራ ግን የእንጨቱን ሞት ያፋጥናል። እንጨቱ ሲደርቅ ቀጥኖ ከሲሚንቶው ይለያል፤ በመካከላቸው በተፈጠረው ቀጭን ክፍተት የገባው ውኃ መውጫ ስለሌለው እንጨቱ እንደ ብርጭቆ ውስጥ እንደቆመ ሆኖ ይበሰብሳል። ሲሚንቶ መጠቀም የሚፈልግ ሰው ከታች ጠጠር አድርጎ የቋሚውን ጫፍ ሳይደፍን መተው፣ ከላይ ደግሞ ሲሚንቶውን ውኃ ወደ ውጭ በሚያፈስ ተዳፋት መጨረስ አለበት።

የቋሚውን ጫፍ በእሳት መለብለብና የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባትም የታወቁ ልምዶች ናቸው። መለብለቡ ላዩን ያደርቃል፤ ነገር ግን ከስሉ ሲሰነጠቅ ውኃው ወደ ውስጥ ስለሚገባ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። የተቃጠለ ዘይት ላዩን ብቻ ስለሚቀባ ከጥቂት ዝናብ በኋላ ይታጠባል፤ አፈርንና የጉድጓድ ውኃንም ይበክላል። በስልክና በመብራት መስመር ላይ የቆሙት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ለረጅም ጊዜ የሚቆዩት ክሪዮዞትና የመሳሰሉት መድኃኒቶች በፋብሪካ ውስጥ በግፊት ወደ እንጨቱ እንዲሰርጉ ስለሚደረግ ነው። ይህን በብሩሽ መተካት አይቻልም። አርሶ አደሩ በእጁ ያለው አስተማማኝ መከላከያ ማድረቅ፣ መጠቅጠቅና ውኃን ማራቅ ነው።

ሥር የሚሰድ ቋሚ

አባቶች ለዚህ ችግር ያገኙት ሌላ መፍትሔ ሕያው አጥር ነው። ኮርች በአገራችን ብቻ የሚበቅል ዛፍ ሲሆን፣ ወፍራም ቅርንጫፉ ተቆርጦ በዝናብ መግቢያ ሲተከል ሥር ይሰድዳል። ቅንጭብና ቁልቋልም በሞቃትና በደረቅ ቦታዎች በዚሁ ዓይነት ያገለግላሉ። ሥር የሰደደ ቋሚ አይበሰብስም፤ አፈሩ ሲላላም ሥሩ ራሱ ይይዘዋል። ሽቦ የሚያስፈልግ ከሆነ ሕያው ቋሚዎቹ እስኪጠነክሩ ድረስ በመካከላቸው የደረቀ ባሕር ዛፍ ማቆም ይቻላል። ባሕር ዛፉ አርጅቶ ሲወድቅ ሕያው አጥሩ ሥራውን ይረከባል። የቅንጭብና የቁልቋል ነጭ ደም ግን ዓይንን ስለሚጎዳ በመትከልና በመግረዝ ጊዜ ጥንቃቄ ያሻል።

ለዛሬ የሚተርፈው

ዛሬ የቤቴል ነዋሪ አብዛኛው ከእርሻ የራቀ ከተሜ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሰበታ፣ ቡራዩና ሌሎች በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበሩ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር በመዋቀራቸው የከተማው ጠርዝ ወደ ወጨጫ ግርጌ ይበልጥ ተጠግቷል። ከዚያ አልፎ ባለው ገጠር ግን ቋሚ ዛሬም በየበጋው ይተከላል፤ ተካዩም በእጁ ያለው ባሕር ዛፍ ነው።

አንድ ቋሚ በሦስት ዓመት ከወደቀና በትክክል ቢተከል ስድስት ዓመት የሚቆም ከሆነ፣ ልዩነቱ ለአጥር የሚቆረጠውን ባሕር ዛፍ በግማሽ ይቀንሳል። የተረፈው አጣና ለገበያ ይቀርባል፤ የተረፈው የሥራ ቀን ለአረምና ለአጨዳ ይውላል። የወረዳ ባለሙያዎችና የማኅበራት አመራር አካላትም ማዳበሪያና ምርጥ ዘርን በሚያስተምሩበት መድረክ ላይ ለአጥር ቋሚ አተካከል ጥቂት ጊዜ ቢመድቡ፣ በማኅበሩ ግቢም አንድ ረድፍ በትክክል አስተክለው ቢያሳዩ ከፍ ያለ ወጪ የማይጠይቅ ትምህርት ይሆናል።

የወጨጫ ጽድ በሙሉ ጥንካሬው አባቶችን አገልግሏል፤ የቀረውም ለልጆች ሊጠበቅ ይገባል። ባሕር ዛፍ ያንን ጥንካሬ ይዞ አልመጣም፤ የጎደለው ሊሞላ የሚችለው በተካዩ እጅ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለ፣ አጥርም የሚጸናው እያንዳንዱ ቋሚ በየጉድጓዱ ሲጠነክር፣ እያንዳንዱም አባል የድርሻውን ድርብ ሳያጓድል ሲጠቀጥቅ ነው።